በበረዶ ውስጥ የተሰወረች ሜዳሊያ

በአገራችን ክረምት ሲባል በሁላችንም አሳብ የሚመጣው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ይኸውም ዝናቡ፥ ጭቃው፥ የሞላው ወንዝና በየቤቱ የሚጤሰው እርጥብ እንጨት ነው። ጥር ግን ለእኛ የበጋ ወር፥ የጥምቀትና የሰርግ ወር ነው። በሰሜን አሜሪካ በሚኒሶታ ስቴት ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በዚያ አገር ዋናው ክረምት ጥር ሲሆን፥ ሐይቁ ሰውንና መኪናን እስኪሸከም ድረስ ይጠነክራል፤ ዓሣ አጥማጁም በረጋው ውሃ ላይ ትንሽ የእንጨት ጎጆውን ተክሎ፥ ከእግሩ በታች ቀዳዳ በስቶ መንጠቆውን ያወርዳል። አማርኛችንም በዚህ በኩል ጥቂት ያንሰናል፤ ከነጐድጓድ ጋር የሚወርደውንም፥ እንደ ባዘቶ ጥጥ በዝምታ የሚነጠፈውንም፥ እንደ ድንጋይ የረጋውንም ሁሉ «በረዶ» ብለን እናልፈዋለንና። ስለዚህ አንባቢዎቻችን፥ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በረዶ ስንል እንደ ባዘቶ የሚነጠፈውን፥ ግግር በረዶ ስንል ደግሞ የረጋውን ማለታችን መሆኑን እንዲረዱልን እንለምናለን። ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

የዚህ ስቴት ዋና ከተማ ሴንት ፖል ትባላለች። በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የተቈረቈረች ስትሆን፥ ከጎረቤቷ ከሚንያፖሊስ ጋር «መንትዮቹ ከተሞች» እየተባሉ ይጠራሉ። የጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ቢደርስ ማንም አይደነቅም፤ በከፋ ጊዜም ከ25 በታች ይወርዳል። ሕዝቡ ግን ይህነን ብርድ እንደ ነውር አይቈጥረውም፤ እንዲያውም ይኰራበታል። የኵራቱም መነሻ እንደሚተረከው አንድ ስድብ ነው። በ1885 አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ከተማይቱ ሁለተኛ ሳይቤሪያ መሆኗንና በክረምት ለሰው መኖሪያ የማትበቃ መሆኗን ጻፈ ይባላል። የከተማው ነጋዴዎች በጣም ተቈጡ። ነገር ግን የመልስ ደብዳቤ በመጻፍ ብቻ አልተወሰኑም፤ በተከታዩ ዓመት በ1886 የክረምት ካርኒቫል የተባለውን ታላቅ በዓል አቋቋሙ። በዚያው ወራት በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ፈንጣጣ ገብቶ የዚያ ከተማ የክረምት በዓል ስለ ቀረ፥ በግግር በረዶ ሕንፃ መሥራት የሚያውቁት ባለሙያዎች ለሴንት ፖል ተገኙላት። ከሐይቅ የተቈረጠውን ግግር በረዶ እንደ ጥርብ ድንጋይ እየደረደሩ፥ ቁመቱ ከ30 ሜትር የሚበልጥ ቤተ መንግሥት ሠሩ። ለመኖሪያ አትበቃም በተባለች ከተማ ብርዱ ራሱ ቤተ መንግሥት ሆነ፤ የስድቡ መልስ ይህ ነበር።

ይህ በዓል ዛሬም በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ ገደማ ይከበራል። ቦሪያስ የተባለ የነፋሳት ንጉሥ ይነግሣል፤ ቀይ ልብስ የለበሱ የእሳት ጭፍሮችም በቩልካን እየተመሩ ያሳድዱታል፤ በመጨረሻም ሙቀት ብርድን ድል ይነሣል። ለልጆች ደስ የሚያሰኝ ተረት ነው። እኛን ግን ከሰልፉና ከተረቱ ይልቅ የማረከን ሌላ ነገር ስለ ሆነ ወደዚያው እንለፍ።

በ1952 ፓዮኒር ፕሬስና ዲስፓች የተባሉት የከተማው ጋዜጦች ለአንባቢዎቻቸው አንድ አዲስ ጨዋታ አቀረቡ። ይኸውም በከተማው ውስጥ ሀብት ሰውረው፥ ሕዝቡ በጋዜጣው ላይ በሚታተም ፍንጭ እየተመራ እንዲፈልገው ነበር። ይህ ልማድ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ እነሆ ዛሬም አለ። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ጋዜጣው በመዳፍ ውስጥ የምትያዝ አንዲት ክብ ሜዳሊያ ያዘጋጃል። ሜዳሊያይቱ ራሷ ዋጋ የላትም። ዋጋው ያለው እርሷን ይዞ ለሚመጣው ሰው በሚሰጠው ሽልማት ላይ ሲሆን፥ በዘመናችን እስከ 10,000 ዶላር ደርሷል። ሜዳሊያይቱ የምትሰወረው በሕዝብ መሬት ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ሴንት ፖል በምትገኝበት በራምዚ አውራጃ ክልል ውስጥ መሆን አለበት። ስለዚህ በማንም ሰው ግቢ፥ በማንም አጥር ውስጥ አትገኝም። ብዙ ጊዜ የምትሰወረው በየመናፈሻው ነው። ሰዋሪዎቹም ተንኰለኞች ናቸው፤ አላፊ አግዳሚው አይቶ እንዳላየ በሚያልፈው፥ ጐንበስ ብሎ ለማንሣት በሚጠየፈው ውዳቂ ነገር ውስጥ ይሸጕጧታል። ከዚያ በኋላ በረዶ ይወርድባታል።

ፍንጮቹ ዐሥራ ሁለት ናቸው። በየቀኑ አንድ አንድ ፍንጭ በግጥም ይወጣል። የመጀመሪያው ፍንጭ ሰላምታና ቀልድ ይበዛበታል፤ ከተማውን ሁሉ አቅፎ አንዱንም ቦታ አይለይም። እየቀጠለ ሲሄድ ግን ወንፊቱ ይጠባል፤ መጀመሪያ ሰፈሩ፥ ቀጥሎ መናፈሻው፥ ቀጥሎም የመናፈሻው ማዕዘን ይታወቃል። ዐሥራ ሁለተኛው ፍንጭ ከዚህ ዛፍ ተነሥተህ ይህን ያህል እርምጃ ተራመድ እስከ ማለት ይደርሳል። ሜዳሊያይቱ አስቀድማ ከተገኘች ጨዋታው በዚያው ያበቃል። ሙሉውን ሽልማት ለመቀበል ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ ፈላጊው የወጡትን ፍንጮች ይዞ መቅረብና የበዓሉን የደረት ምልክት አስቀድሞ ገዝቶ በስሙ ማስመዝገብ ይገባዋል። ይህነን ያላደረገ ሽልማቱ ይቀነስበታል። እንግዲህ ጋዜጣው አንባቢውን፥ በዓሉም ገንዘቡን እንዳያጡ ሆኖ የተደነገገ ደንብ መሆኑን ማንም ያስተውላል። ነጋዴ ያለ ትርፍ አይጫወትምና በዚህ አንፈርድባቸውም።

ፍንጮቹን የሚጽፈው ማን እንደ ሆነ ለሕዝብ አይነገርም። ጽሕፈቱ ግን ለአበሻ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሰምና ወርቅ ነውና። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ምሳሌውን ወደ አዲስ አበባ እናምጣው። አንድ ጋዜጣ በከተማችን ሜዳሊያ ሰውሮ፥ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፤

«ሥጋን ያልቀመሰ ባለግርማ አንበሳ፤
ከግርጌው ያለውን ጎንበስ ብለህ አንሳ።»

አንባቢው አንበሳው ሐውልት መሆኑን ወዲያውኑ ያውቃል። ነገር ግን የትኛው አንበሳ ነው? በብሔራዊ ቲያትር ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ አለ፤ በአሮጌው የባቡር ጣቢያ ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳም አለ። ከተማው ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ አካፋውን ይዞ ወደ ቲያትር ቤቱ፥ ሌላው ወደ ለገሃር ይሮጣል። በማግሥቱ ሁለተኛው ፍንጭ ይወጣል፤

«ባሕር ያሻገሩት በግዞት በስደት፤
ዛሬ ተመለሰ ከነበረበት ቤት።»

አሁን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ወርቁን አገኘ ማለት ነው። በ1930 የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ፋሽስቶች ዘርፈው ወደ ሮማ ወስደውት እንደ ነበረ፥ የዘርዓይ ደረስም ስም ከዚሁ አንበሳ ጋር ተያይዞ እንደሚነሣ፥ ሐውልቱም በ1960ዎቹ ዓመታት ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ የሚያውቅ ሰው ቲያትር ቤቱን ትቶ በቀጥታ ወደ ባቡር ጣቢያው ይሄዳል። ታሪኩን የማያውቅ ግን አካፋው የወርቅ ቢሆን አይጠቅመውም። የሴንት ፖልም ፍንጮች ሥራቸው እንደዚህ ነው። ኮሞ የተባለ ሐይቅና መናፈሻ በከተማው አለ፤ ስሙ በኢጣልያ አገር ካለው ከኮሞ ሐይቅ የመጣ ነው። ስለዚህ አንድ ፍንጭ ስለ ኢጣልያ ተራሮች ቢያወራ፥ የከተማው አዋቂ ወዲያው ጆሮውን ያቆማል። በዚያው መናፈሻ ከ1915 ጀምሮ የቆመ የመስተዋት ቤት አለ፤ ውጭው በረዶ ሆኖ ሳለ ውስጡ ዘንባባ የሚያድግበት ነው። ስለ በረሃና ስለ ዘንባባ የሚያወራ ግጥምም እንዲሁ ወደዚያ ሊያመለክት ይችላል፤ ወይም አመልካች መስሎ ሊያስት ይችላል።

የቀድሞ ሰዎች እንደሚያወሩት፥ ፍንጩ በወረቀት ብቻ በሚታተምበት ዘመን ሕዝቡ በእኩለ ሌሊት በጋዜጣው ማተሚያ ቤት በር ይሰበሰብ ነበር። ጋዜጣው ትኵስ ሆኖ ሲወጣ ይሻሙበታል፤ በእጅ መብራት እዚያው ያነባሉ፤ ከዚያም መኪናቸውን አስነሥተው በጨለማ ወደ መናፈሻው ይበራሉ። ዛሬ ፍንጩ በስልክ መስተዋት ላይ ስለሚወጣ ያ ሰልፍ ቀርቷል። ነገሩ ቀለለ እንጂ አላማረም ብለን እናምናለን፤ ጋዜጣ ለማንበብ በውርጭ የሚሰለፍ ሕዝብ እንደ ገና ከየት ይገኛል?

በመንትዮቹ ከተሞች የአገራችን ሰዎች ብዙ ናቸው። ኦሮምኛ፥ አማርኛና ትግርኛ የሚናገሩ ኢትዮጵያውያን፥ ኤርትራውያንና ሶማሌዎችም አሉ። በሴንት ፖል በስኔሊንግ ጐዳና ላይ የእንጀራና የቡና ሽታ አላፊውን ይጠራዋል። በየዓመቱ የጥምቀት በዓል አልፎ ብዙም ሳይቆይ የሀብት ፍለጋው ወራት ይደርሳል። እኛም ለመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ ወደዚያ በተላክንበት ጊዜ በአንድ የሥጋ ዘመዳችን ቤት ስላረፍን፥ ይህ ጨዋታ በስደተኛ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማየት ዕድል አገኘን። ለቤተ ሰብ ዐምድ አንባቢዎች ልንነግር የፈለግነውም ይህነኑ ነው።

ዘመዳችን ታክሲ ነጂ ነው። ሚስቱ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ታገለግላለች። አያቲቱ ከትግርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አይሰሙም። የዐሥራ ሁለት ዓመቷ የበኵር ልጅ ደግሞ የቤቱ አስተርጓሚ ናት፤ የመብራት ሒሳብ ቢመጣ የምታነበው እርሷ ናት፤ ሐኪሙ ለአያቲቱ የሚናገረውን የምትተረጕመው እርሷ ናት፤ ከትምህርት ቤት ስለ ታናሽ ወንድሟ ጠባይ የተጻፈውን ደብዳቤ እንኳ ለአባቷ የምታነብለት እርሷው ናት። ይህ ነገር በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ሁሉ የታወቀ ነው። ልጅ የወላጁ አፍ ሲሆን፥ ወላጅ በልጁ ፊት ጥቂት በጥቂት ያንሳል፤ ተቈጥቶ መገሠጽም ይከብደዋል። ዘመዳችን ስለዚህ ነገር ምንም አልነገረንም፤ ዳሩ ግን ደብዳቤ በተከፈተ ቍጥር ፊቱን ወደ መስኮት ሲመልስ አይተነዋል።

የፍንጩ ሰዓት ሲደርስ ግን የቤቱ ሥርዓት ይለወጣል። ልጅቱ ግጥሙን በእንግሊዝኛ አንብባ ወደ ትግርኛ ትመልሳለች። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ግጥም በቃላችን እንድንይዝ ስለ ተገደድን፥ በሰዋስው በኩል ጥቂት ረዳናት። ሰዋስው ግን የሚያደርሰው እስከ ሰሙ ድረስ ነው። አንድ ቀን በግጥሙ ውስጥ መታጠፍ የሚል ቃል ነበረ። ልጅቱ ሰው ለሰላምታ የሚያጎነብሰው መስሏት እንደዚያው ተረጐመችው። አባትየው እጁን አነሣና፥ «ቆይ፥ ያ መንገድ ከሐይቁ አጠገብ የሚታጠፍበት ስፍራ ነው፤ ከዚያ ማዕዘን ላይ በወር ስንት ጊዜ እንግዳ አውርጃለሁ» አላት። የከተማውን ካርታ በእጁ በጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ይሥለው ጀመር። የትኛው መንገድ የትኛውን እንደሚያቋርጥ፥ የትኛው ድልድይ ከባቡር ሐዲድ በላይ እንደሚያልፍ፥ የትኛው ኰረብታ በበረዶ ጊዜ መኪና እንደማያስወጣ አንድ በአንድ ነገራት። ልጅቱ እስክሪብቶዋን ይዛ የአባቷን ቃል ትጽፍ ጀመር።

አያቲቱም ዝም አላሉም። በአማርኛ እንቆቅልሽ የምንለው በትግርኛ ሕንቅልሕንቅሊተይ ይባላል፤ እርሳቸውም በዚህ ጨዋታ ያደጉ ናቸው። «ይህ ሰውዬ የሚሰውረው በሚጮኸው ቃል አይደለም» አሉ፤ «ትንሹን ቃል ተመልከቱ፤ እንቆቅልሽ የሚፈታው በማታስቡት ቃል ነው።» ልጅቱም ተመልሳ ትንንሾቹን ቃላት ታነብላቸው ጀመር፤ «ዓባየ፥ ይህስ? ዓባየ፥ ይኸኛውስ?» እያለች። በአገራችን የእንቆቅልሽ ሥርዓት መልሱን ያላወቀ ሰው አገር ይሰጣል፤ አያቲቱም ማታ ማታ በዚሁ ደንብ ልጆቹን እያስለፈለፉ ዓድዋንና አክሱምን ሲቀበሉ፥ ሽሬንም ሲጨምሩ ሰንብተዋል። ልጆቹ ያላዩትን አገር ስም በስሙ እየጠሩ መስጠታቸው ነበር።

በቅዳሜ ቀን ሁላችንም ወደ መናፈሻው ወረድን። ልጆቹ ከሹራብ በላይ ሹራብ፥ ከዚያም በላይ ወፍራም ካፖርት ለብሰው እንደ ኳስ ተድበለበሉ። እኛም ከካፖርታችን ሥር ጋቢ ደረብን። በዚያ ብርድ ትንፋሽ ከአፍ ሲወጣ በጢም ላይ ይረጋል፤ እጁን ከጓንት ያወጣ ሰው ወዲያው ይጸጸታል። በመናፈሻው ውስጥ የነበረው ሕዝብ ግን ገበያ የወጣ ይመስላል። አካፋ የያዘ፥ የአትክልት መቧጠጫ የያዘ፥ የመኪና መስተዋት መፋቂያ የያዘ፥ በእግሩ ብቻ በረዶውን የሚገለብጥ ሁሉ ነበረ። የተጣለ የወረቀት ኩባያ ባገኙ ቍጥር አንሥተው ይመረምራሉ፤ በዚህ ምክንያት መናፈሻው በዓመት አንድ ጊዜ በደንብ ይጠረጋል ቢባል ሐሰት አይሆንም። ማንም ማንን ስሙን አይጠይቅም፤ «እዚህ ቈፍረናል» ብሎ መንገር ግን የተለመደ ነው። አንዲት ሽማግሌ ሴት ከሙቀት መያዣ ዕቃዋ ለልጆቹ ትኵስ የቸኰላታ መጠጥ ቀዳችላቸው። ዘመዳችንም ከቤት ያመጣነውን ሻይ በቅርንፉድና በቀረፋ ያሸተተውን ለጎረቤት ፈላጊዎች አቀረበ። በዚያ ከተማ ብዙ ዓመት ኖሮ ሳለ፥ ከታክሲው ውጭ ከማያውቀው የከተማ ሰው ጋር ረጅም ጊዜ ቆሞ ሲነጋገር ልጆቹ ያዩት ምናልባት በዚያ ቀን ይሆናል። የሚነጋገሩትም ስለዚያው መታጠፊያ ነበር፤ አሜሪካዊው አዳምጦ አዳምጦ አካፋውን አነሣና ወደ ተባለው ስፍራ ሄደ።

ለዚህ ጨዋታ ነቀፌታ የለውም አንልም። በብዙ ሺህ እግር የተረገጠ ሣር በጸደይ ጊዜ ይቸገራል፤ ቍጥቋጦ ይሰበራል፤ ንብረት እንዳይበላሽ ማስጠንቀቂያ በየጊዜው የሚነገረውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ሳምንቱን ሙሉ በበረዶ ውስጥ የሚውል ሰው አለ፤ በቤቱ ስላለው ሚስት ምን እንደምትል አንጠይቅም። ገንዘቡም አንድ ሰው ያገኘዋል፥ ሌላው ሁሉ ጣቱ ደንዝዞ ይመለሳል። እንዲሁም የድሀ ሰው ልጅ ጓንቱ ቀጭን ስለ ሆነ ቶሎ ይመለሳል፤ ይህነን በዓይናችን አይተናል። የሆነ ሆኖ ሜዳሊያይቱ በግል ግቢ አለመሰወሯን ከሁሉ ይልቅ እናመሰግናለን። ትናንት ከአውሮፕላን የወረደው ስደተኛም፥ አያት ቅድመ አያቱ በከተማይቱ የተወለደውም የሚፈልጉት በአንድ መሬት ላይ ነው፤ ለምን እዚህ ቆምህ የሚል ዘበኛ የለም።

ሜዳሊያይቱ በዚያ ዓመት የተገኘችው ከእኛ መናፈሻ አልነበረም፤ በከተማው ሌላ ዳርቻ በሌላ ሰው እጅ ገባች። ወሬው በልጅቱ ስልክ ላይ ሲደርስ ታናሽ ወንድሟ አለቀሰ። አባትየው ግን፥ «ማልቀሱን ተወው፤ ማብራሪያው ይወጣል» አለው። እውነትም ፍለጋው ሲያበቃ ጋዜጣው እያንዳንዱ ፍንጭ ምን ማለት እንደ ነበረ ያብራራል። ዘመዳችን ወረቀቱን ራሱ ገዝቶ አመጣና በጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ልጅቱ እያነበበች፥ እርሱ በጣቱ መንገዱን እየተከተለ፥ አያቲቱም «የትኛው ቃል ነበር?» እያሉ እስከ እኩለ ሌሊት ተቀመጡ። መታጠፊያው እውነትም የመንገድ መታጠፊያ ነበረ፤ ነገር ግን የሌላ ሐይቅ መንገድ ነበረ። ስለዚህም አባትና ልጅ ተከራከሩ፤ ልጅቱ በቃሉ፥ አባትየው በመንገዱ። በማግሥቱ ጧት ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ሲያደርሰን አካፋው በመኪናው የኋላ ሣጥን ውስጥ እንደ ተጋደመ ነበር። ለምን እንዳላወጣው ብንጠይቀው፥ በረዶው ገና ወር ከግማሽ ይቀረዋል አለን።